አበል የሌለው ስልጠና

ሻንጣውን ገና ያልፈታ አዲስ የመርከብ አስተናጋጅ ፊት አንድ የተበላበት ሳህን ይቀርባል። ሳህኑ ላይ የዶሮ አጥንት፣ የተጨማደደ ሶፍት፣ ሁለት ስቴኪኒ፣ ቅቤ የተጠቀለለበት ብርማ ወረቀት፣ የጭማቂ ስትሮ እና የሙዝ ልጣጭ አለ። ልጣጩ ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ የነጋዴው ምልክት ተለጥፋለች። አሠልጣኙ «ለይ» ይለዋል። ሌላውን ሁሉ በየማጠራቀሚያው አስገብቶ ያቺን ምልክት ሳያነሳ ልጣጩን ወደ ምግብ ትራፊ የጣለ ሠራተኛ እንደገና ይጀምራል። ምልክቷ ላስቲክ ናት። ላስቲክ ደግሞ በየትኛውም ባሕር፣ ከየብስ በምንም ያህል ርቀት፣ በምንም መጠን አይጣልም። በመንገደኞች የሽርሽር መርከብ ላይ ደህና አሠልጣኝ የአካባቢ ሕግን የሚያስተምረው እንዲህ ከእጅ ጀምሮ ነው።

እኛ ዘንድ፣ ሰሜን ሸዋ፣ ስልጠና ሲባል ምን እንደሚመስል ለደብረ ብርሃንም ሆነ ለመሐል ሜዳ ሰው መንገር አያስፈልግም። ባነር፣ የመክፈቻ ንግግር፣ ፕሮጀክተር፣ ሻይ ቡና፣ አቴንዳንስ፣ አበል። የሚያንገበግበኝ ጠረጴዛው ላይ ያለው ነገር ነው። ስለ አካባቢ ጥበቃ ግንዛቤ ሊጨብጥ በመጣው ሰው ሁሉ ፊት የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ተደርድሯል። ተሳታፊው ግማሹን ጠጥቶ ይወጣል። ከኋላ ገብታ ጠርሙሱን በፌስታል የምትሰበስበው የጽዳት ሠራተኛ ግን ለስልጠናው አልተጠራችም። መርከብ ላይ ቢሆን ቀድማ የምትጠራው እሷ ነበረች፤ ቆሻሻውን የሚነካው የእሷ እጅ ነዋ!

የመርከብ ብክለትን የሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት ማርፖል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1973 ወጥቶ በ1978 በፕሮቶኮል ተጠናክሯል፤ ዘይትን፣ ፍሳሽን፣ ደረቅ ቆሻሻንና ጭስን ለየብቻ የሚገዙ አባሪዎች አሉት። የምግብ ትራፊ በ25 ሚሊ ሜትር ወንፊት እስኪያልፍ ከተፈጨ፣ ከቅርቡ የብስ ከ3 ኖቲካል ማይል (የባሕር ላይ ርቀት መለኪያ) በላይ ተርቆ ይለቀቃል። ካልተፈጨ ከ12 ማይል በላይ ነው። እንደ ሜዲትራኒያንና ካሪቢያን ባሉ ልዩ ቀጠናዎች ግን ተፈጭቶም ቢሆን ከ12 ማይል ወዲህ አይሞከርም። ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ሳህን አጣቢ ይህን ሁሉ በቃሉ ላይወጣው ይችላል፤ የሚጠበቅበት አንድ ነገር ነው። ከመርከቡ መሪ ክፍል ፈቃድ ሳያገኝ መፍጫውን ወደ ባሕር አይከፍትም። ፈቃድ ሲሰጥ ሰዓቱና መርከቡ ያለበት ቦታ ይጻፋል፤ ሲዘጋም እንዲሁ። ስህተት የሚበዛው በመዝጊያው ላይ ነው። መርከቡ አቅጣጫ ቀይሮ ወደ ደሴት ሲጠጋ ለወጥ ቤቱ የሚነግር ሰው ከጠፋ፣ በፈቃድ የተጀመረው ሥራ ጥፋት ሆኖ ያልቃል።

ስልጠናው ጠንከር የሚለው ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ከፓምፕ የሚንጠባጠበው፣ ከማጣሪያ የሚፈሰው፣ ወለል የታጠበበት ውሃ፣ ሁሉም ተቀላቅሎ ከመርከቡ ሆድ ሥር ይጠራቀማል፤ ቢልጅ ይሉታል። ይህ ውሃ ወደ ባሕር የሚወጣው መርከቡ እየተጓዘ፣ ዘይትን ከውሃ በሚለየው ማሽን፣ በሴፓሬተር፣ ተጣርቶ፣ የቀረው ዘይት ከ1 ሚሊዮን እጅ 15 እጅ ካልበለጠ ብቻ ነው። በእኛ መስፈሪያ እንናገረው። 1000 ሊትር በሚይዝ ሮቶ ውስጥ 15 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ። አራተኛዋ ማንኪያ ስትጨመር መለኪያው ይጮኻል፣ ባለ ሦስት አፉ ቫልቭ በራሱ ዞሮ ውሃውን ወደመጣበት ታንከር ይመልሰዋል።

ይህን መሣሪያ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ሳሙና ነው። ወለሉን በተራ ሳሙና ያጠበ ሠራተኛ ዘይቱን ከውሃው ጋር አዋህዶ ወተት ያስመስለዋል፤ ወተት የሆነ ዘይት ደግሞ አይንሳፈፍም፣ ማጣሪያውንም ይደፍነዋል። ስለዚህ ዘይትን ከውሃ ቶሎ የሚያላቅቅ ማጽጃ ብቻ ይፈቀዳል። ሁለተኛው ብልሽት የሰው ነው። ወደ መለኪያው በምትሄደው ቀጭን ቱቦ ንጹሕ ውሃ ከተለቀቀ መለኪያው ይታለላል። ለዚህም ነው ቫልቮቹ እንደ መብራት ቆጣሪ ቁጥር ባለው ማኅተም የሚታሸጉት። ማኅተም ሲቆረጥ የአሮጌውና የአዲሱ ቁጥር፣ የተቆረጠበት ምክንያትና የቆራጩ ስም ይመዘገባል።

መዝገቡን ደግሞ ቀረብ ብሎ ማየት ያሻል። የዘይት መዝገብ ላይ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ፊደልና ቁጥር አለው። የወጣው መጠን፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ መርከቡ የነበረበት ቦታ ይገባል፤ ሥራውን የመራው መኮንን ይፈርማል፤ ገጹ ሲሞላ ካፒቴኑ ይፈርማል። መዝገቡ ከመጨረሻው ጽሑፍ በኋላ 3 ዓመት ይቀመጣል። የተሳሳተ ቁጥር በፍሉይድ አይጠፋም። የቀድሞው እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ይጻፋል፣ ፊርማና ቀን ይደረግበታል። በስህተቱ የሚያፍር የለም፤ የሚያስጠይቀው መሸፈኑ ነው። መርማሪው ሲመጣ መጀመሪያ ሂሳብ ይሠራል። ሴፓሬተሩ በሰዓት 5 ሜትር ኩብ ብቻ የሚያጣራ ከሆነና መዝገቡ በአንድ ሰዓት 8 ወጣ ካለ፣ ሦስቱ ሜትር ኩብ በሌላ በር ወጥቷል ወይም ጽሑፉ ውሸት ነው። ከዚያ ባትሪውን ይዞ ወደ ቱቦዎቹ ይወርዳል፤ ቡሎኖቹን ያያል። ሌላው ሁሉ አሮጌ ቀለም ለብሶ ሳለ የአንድ መጋጠሚያ ቡሎኖች ጠርዝ በመፍቻ ከተፋቀ፣ ወይም እዚያች ቦታ ብቻ ትኩስ ቀለም ካለ፣ ቱቦ ተፈቶ ተገጥሟል ማለት ነው።

ውጭ አገር ሁሉም ቅዱስ ነው አልልም። መርከበኞች «አስማተኛ ቱቦ» የሚሉት ይህንኑ በሴፓሬተሩ ሳያልፍ ወደ ባሕር የሚደፋውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ካሪቢያን ፕሪንሰስ በተባለው መርከብ ላይ አዲስ የተቀጠረ መሐንዲስ ነገሩን አይቶ ለእንግሊዝ ባለሥልጣናት አመለከተ። ኩባንያው ፕሪንሰስ ክሩዝ በ2016 ጥፋቱን አምኖ 40 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ገባ፤ አምስት ዓመትም በፍርድ ቤት ክትትል ሥር ዋለ። በ2019 ደግሞ የክትትሉን ግዴታ በመጣስ ከእናት ኩባንያው ካርኒቫል ጋር ሌላ 20 ሚሊዮን ተጨመረ። ከታመኑት ጥፋቶች መካከል ላስቲክ ከምግብ ትራፊ ጋር ባሃማስ ባሕር ውስጥ መጣሉ አለበት፤ ተቆጣጣሪ ከመድረሱ በፊት መርከቡን የሚያሰናዳ ቡድን መላክም አለበት። ይህን የኋለኛውን የእኛ ሰው ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። ከበላይ እንግዳ ይመጣል ሲባል በአንድ ሌሊት የሚጸዳውን ግቢ፣ ድንጋዩ ሁሉ ኖራ የሚቀባበትን ጠዋት ያላየ ማን አለ? ልዩነቱ እዚያ ይህ ራሱ ጥፋት ተብሎ ተጽፎ ያስቀጣል። የተናገረውም ሰው አይጠላም፤ በአሜሪካ ሕግ ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ ከቅጣቱ እስከ ግማሽ ድረስ ለጠቋሚው ሊሰጥ ይችላል።

ሰሜን ሸዋ ባሕር የለውም፣ ይህ ሁሉ ምን ይመለከተናል የሚል ይኖራል። ባሕር ባይኖረንም ውሃው የሚነሳው ከእኛ ነው። ጣርማበር ላይ የወደቀ ዝናብ ወደ ምዕራብ ካዘነበለ በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ወደ ደብረ ሲና ከወረደ አዋሽ ይገባል። የበሬሳ ወንዝም ደብረ ብርሃንን ነክቶ የሚሄደው ወደ ጀማ ነው።

የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ደግሞ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከመንገዱ ዳር ጋራዥ፣ ጎሚስታ፣ ላቫጆ አይጠፋም። አንድ ሲኖትራክ በአንድ ቅያሪ ከ20 ሊትር በላይ የሞተር ዘይት ይወስዳል። ረዳቱ ልጅ ከሥር ገብቶ ቡሎኑን ይፈታል፤ ጥቁሩ ዘይት ወደ ተቆረጠ በርሜል ይወርዳል። የተወሰነው በጀሪካን ተቀድቶ ወደ ቆላው ይወርድና ምስጥ እንዳይበላው ለአጥር እንጨት ይቀባል፤ የተረፈው መሬት ይጠጣዋል። ፊልትሮውም ዘይት እንደቋጠረ ይወረወራል። መሆን ያለበት ገና ትኩስ ሳለ ተበስቶ፣ ቢያንስ 12 ሰዓት ተደፍቶ እንዲንጠባጠብ ማድረግ ነበር። ላቫጆው ላይ ደግሞ ያው የሞተር ክፍሉ ስህተት ይደገማል፤ ግሪስና ዘይት በሳሙና ተወቅጦ ወተት ሆኖ ቦይ ይገባል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በሲሚንቶ የተሠራ ባለ ሦስት ክፍል ጉድጓድ ይበቃል። መጀመሪያው ክፍል ውስጥ አሸዋና ጭቃ ይዘቅጣል፤ ሁለተኛው ላይ ዘይት ይንሳፈፋል፤ ወደ ሦስተኛው የሚያሻግረው ክርን ቱቦ አፉ ወደ ታች ስለሚሆን ከሥር ያለውን ውሃ ብቻ ያሳልፋል። ቱቦው ከላይ ከተገጠመ ዘይቱን ቀድሞ ያወጣዋልና ድካሙ ከንቱ ነው። ሞተር በሳሙና የታጠበበት ውሃ ደግሞ ለብቻው ይጠራቀም እንጂ እዚህ ጉድጓድ አይግባ።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፤ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513/1999ም በ2017 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር። ደንብ ማክበርም ለእኛ እንግዳ አይደለም። መንዝ ጓሳን የጠበቀው ከ400 ዓመት በፊት የአስቦና የጌራ ወገኖች ያቆሙት ቄሮ የተባለ የሳር መጠበቂያ ሥርዓት ነው። ሳሩ እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፤ መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው ሕዝቡ የመረጠው አለቃ ነበር፤ ከመክፈቻው በፊት ማጭድ ይዞ የገባ ይቀጣ ነበር። እያንዳንዱ አጫጅ የት ቆሞ ምን እንደሚቆርጥ ያውቅ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ሲያፈርሰው ጓሳ ምን ያህል እንደተጎዳ መንዞች ያውቃሉ።

እንግዲህ ለአንድ ጋራዥ ስልጠና ግማሽ ቀን ይበቃዋል፤ አዳራሽ አያስፈልገውም። በርሜሉ አጠገብ ቆሞ፣ ረዳቱን ልጅ ከፊት አድርጎ፣ ባለቤቱን ከጎን አቁሞ ነው። ክዳን ያለው በርሜል፣ ከሥሩ የፈሰሰ የሚይዝ ሳጥን፣ አንድ ጆንያ ሰጋቱራ፣ ፊልትሮ የሚደፋበት ወንፊት። ከዚያ ደብተር፤ ቀን፣ የመኪናው ሰሌዳ፣ የገባው ሊትር፣ የወጣው ሊትር፣ የወጣው የት እንደሄደ፣ የልጁ ፊርማ። ሃያ አራት ሊትር ገብቶ አሥራ ስምንት ከወጣ ሞተሩ ዘይት ይበላል ወይም ስድስቱ ሊትር ፈሷል፤ ባለ መኪናውም ይህን ማወቅ ይፈልጋል። በየወሩ መጨረሻ የበርሜሉ ከፍታ በዘንግ ተለክቶ ከደብተሩ ድምር ጋር ይተያይ። ደብተሩ በቢሮ መሳቢያ ውስጥ አይቆለፍ፤ በርሜሉ ካለበት ግድግዳ ላይ በሲባጎ ይንጠልጠል፣ እስክሪብቶውም አብሮት ይታሰር።