የመጣ የለም

የደሴ ሰዎች፣ የዚያችን ልጅ ነገር እንዲህ በዋዛ አንርሳው።

ፊቷን ከምርቃት ፎቶዋ ወስደው በሌላ ሴት ገላ ላይ ለጠፉት። አርባ ሰከንድ የማይሞላ ቪዲዮ ነው። ልብ ብሎ ላየው ያስታውቃል፤ አንገቷን ባዞረች ቁጥር የፀጉሯ ዳር ይርገበገባል፣ የአንድ ጆሮዋ ጉትቻ ጠፍቶ ይመለሳል። ልብ ያለው ማን አለ! ጠዋት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለቀቀ፤ ከሰዓት በኋላ ሐረጎን በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ስልኩ ከኋላ ወንበር እስከ ጋቢና ሲቀባበል ነበር። በሳምንቱ እናቷ እንደወትሮዋ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች። አቦሉ ወረደ፣ ቶናው ወረደ፤ የመጣ የለም። ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ እንደተደረደሩ ቀሩ።

ሠሪው አንድ ሰው ይሆናል። ቤቷ ድረስ ያደረስነው ግን እኛ ነን። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 የሰውን ክብር የሚያዋርድ ቪዲዮ ያሰራጨን ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። የሚለው «ያሰራጨ» ነው። «ፎርዋርድ ብቻ ነው ያደረግሁት» ማለት አያስመልጥም።

ሕጉም ጎዶሎ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማኅበራዊ ሚዲያዎች ሐሰተኛ መረጃን ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይላል፤ ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ግን ሁከት ወይም ግጭት የሚያስነሳውን ነው። የአንዲት ልጅ መዋረድ ከተማ አያናውጥምና ከዚያ ውጭ ቀረ። የአንቀጽ 13ቱ ክብርን የማዋረድ ወንጀል ደግሞ ተበዳይዋ አቤት ካላለች አይከሰስም፤ የአቤቱታው ጊዜም 3 ወር ብቻ ነው።

ምን ይዛ አቤት ትበል? ፖሊስ ሊጠይቅ ነው ሲባል ሁላችንም ቪዲዮውን ከስልካችን አጠፋን። ከማጥፋት በፊት የላኪው ስምና ዩዘርኔም፣ የግሩፑ ሊንክ፣ ቀንና ሰዓቱ በስክሪንሾት ይያዛል። ላኪው ከሁሉም ስልክ ላይ መሰረዝ ስለሚችል ነገ አይባልም። ከዚያ ሪፖርት ይደረጋል። እሷም ያለፈቃድ የሚሰራጩ የገላ ምስሎችን በሚከላከለው ስቶፕ ኤንሲአይአይ (StopNCII.org) በሚባል አገልግሎት የምስሉን ዲጂታል አሻራ፣ ማለትም ምስሉን የሚለይ ኮድ፣ ራሷ ስልክ ላይ ማውጣት ትችላለች፤ ምስሉ ከስልኳ ሳይወጣ ለይተው እንዲያግዱት አሻራው ብቻ እነ ፌስቡክና ቲክቶክ ጋ ይደርሳል። ይህን የነገራት አልነበረም፤ እኛ ሐሜት ላይ ነበርን።

3 ወሩ ሊሞላ 11 ቀን ቀርቶታል። ከመካከላችን ቪዲዮውን ከስልኩ ያላጠፋ አንድ ሰው አይጠፋም ይሆናል። ቀን ካፈርክ ማታ ሂድና በራቸውን አንኳኳ። እናትየዋ ዛሬም ቡና ታፈላለች።