«ወፍ ክንፍ አለው» ለሚሉን

የባቱ (ዝዋይ) ሐይቅ ዳር ፊላ ተመንጥሮ፣ አፈር ተሞልቶበት፣ ለሎጅና ለመናፈሻ ይዋል የሚለው ነገር ሰሞኑን እንደገና ተነሥቷል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ያንገበገበኝ ስብሰባ ላይ ለ«ወፎቹስ?» ጥያቄ አንድ ተናጋሪ የሰጡት መልስ ነው፦ ወፍ ክንፍ አለው፣ ሌላ ቦታ ይሄዳል። አዳራሹም ሳቀ።

የት ነው የሚሄደው? ተናጋሪው አልነገሩንም። እኔ ግን የሄደ ወፍ አውቃለሁ። ነጩ ፔሊካን ሲፈለፍል የኖረው ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባሉ ደሴቶች ላይ ነው። ሻላ ጥልቅና ጨዋማ ነው፣ ፔሊካን የሚያጠግብ ዓሣ የለውም። ስለዚህ ጎረቤቱ አብያታ እየተሻገረ ይበላ፣ ለጫጩቶቹም ይዞ ይመለስ ነበር። አብያታን የሚመግበው የቡልቡላ ወንዝ ደግሞ ከዝዋይ ነው የሚወጣው። ከላይ በኩል ውኃው ለመስኖ ተሳበ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ የሶዳ አሽ ፋብሪካው ከራሱ ከአብያታ መቅዳት ጀመረ። መውጫ የሌለው ሐይቅ ሲጎድል ጨዉ ይበረታል፤ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኑም እንደ ተመከረው ክንፉን ተጠቅሞ ዓሣ ፍለጋ እዚህ መጣ፣ ዝዋይ! «ሌላ ቦታ» የምትሉት እኮ አሁን አፈር ልትደፉበት ያሰባችሁት ዳርቻ ነው። ከዚህስ ወዴት? ካርታ ያለው ያሳየኝ።

ደግሞስ ሁሉም ክንፍ አለው ያለው ማን ነው? ጣቶቿ የረዘሙ፣ ተንሳፋፊ ቅጠል ላይ የምትራመድ ቡናማ ወፍ አለች፤ ጃካና ይሏታል። እንቁላሏን የምትጥለው እዚያው ውኃ ላይ ነው። የሚታቀፈው አባትየው ነው፤ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር ሸጉጦ ይሸሻል። ኤክስካቫተር ሲመጣ እንቁላሉን በምን ሊሸከም ነው? የወፍ ነገር ካላሳዘናችሁ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣም የሚራባው በዚያው ጥልቀት በሌለው ሣራም ዳርቻ ነው። ዓሣ አስጋሪው ክንፍ የለውም።

ከሁሉ የሚገርመው ለቱሪስት ብለን ነው መባሉ። ቱሪስቱ ታዲያ ምን ሊያይ ይመጣል? ወደቡ ላይ ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች ጭንቅላትና አንጀቱን ሲወረውሩ አባ ኮዳና ፔሊካን የሚጋፉትን ግፊያ ነው። ሲሚንቶ ለማየት ከአዲስ አበባ የሚነዳ ሞኝ የለም፤ እዚያም ሞልቷል።

ወጣቱ ሥራ ይፈልጋል፣ እሺ። ሎጁ ከፊላው ጀርባ፣ ደረቁ መሬት ላይ ይሠራ ቢባል ማን ጠላ? ውኃው ውስጥ ካልገባን የሚሉት እይታውን የሚሸጡ ሰዎች ናቸው፣ ሥራ አጡ አይደለም።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዝዛል። ጥናት ካለ ይለጠፍና እናንብበው። ከሌለ አንዲት ገልባጭ መኪና ወደ ሐይቁ አትጠጋ።