ሌዲ ላኖቨርን በባርኔጣ ብቻ ማስታወስ ይብቃ

ስለ ዌልስ ሴቶች ባህላዊ ልብስ በተነሳ ቁጥር አንድ ክስ ይከተላል፤ ረጅሙን ጥቁር ባርኔጣና የሱፍ ቀሚሱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንዲት ባለርስት እመቤት ፈጠረችው የሚል። ተከሳሿ ሌዲ ላኖቨር፣ ኦገስታ ሆል (1802–1896) ናቸው።

ክሱ ሚዛን የሳተ ነው። የሱፍ ቀሚሱን፣ ሽርጡንና ሻሉን የገጠር ሴቶች ከእሳቸው በፊትም ይለብሱት ነበር። እሳቸው በ1834 በካርዲፍ አይስተድቮድ፣ ማለትም በዌልሶች የግጥምና የሙዚቃ ውድድር ጉባኤ፣ በተሸለመው ጽሑፋቸው ልብሱም ቋንቋውም ይጠበቅ ብለው ተከራከሩ። የፋብሪካ ጥጥ የአገሩን ሱፍ እየገፋው ነበር። ዝናብ በማያባራበት አገር የረጠበ ጥጥ ገላ ያቀዘቅዛል፤ ሱፍ ግን ረጥቦም ይሞቃል። በርስታቸው ላይ የሱፍ ፋብሪካ ማቋቋማቸው ከዚህ የመጣ ነው። የቤት ሠራተኞቻቸውን ልብሱን ማስለበሳቸው ግን የጌታ ትእዛዝ ነበርና አልከራከርላቸውም።

ከልብሱ ይልቅ ሊወሳላቸው የሚገባው ለባህሉ እንጀራ መፍጠራቸው ነው። ከእንግሊዛዊ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ዌልሽኛን የተማሩ ሴት ናቸው። በቤታቸው ዌልሽኛ ተናጋሪ ሠራተኞችን ቀጠሩ፤ ሃርፕ የተባለውን በገና መሰል መሣሪያ የሚደረድር ሰውም በደመወዝ አኖሩ።

ሃርፑ ባለሦስት ረድፍ ነው፤ መነሻው ጣሊያን ቢሆንም ዌልሶች የራሳቸው አድርገውታል። 100 የሚጠጉ አውታሮች አሉት። ሁለቱ የውጭ ረድፎች አንድ ዓይነት ይቃኛሉ፤ የመሐሉ ረድፍ ግማሽ ድምፆችን ስለሚይዝ ደርዳሪው ጣቱን በውጭዎቹ አውታሮች መካከል አሾልኮ ይነካዋል። የውጭ ጥንዶቹ ቅኝት በጥቂቱ ከተዛነፈ አንዱ ድምፅ ይርገበገባል። መቃኘቱ ብቻ ብዙ ሰዓት የሚበላ መሣሪያ ነውና የእግር መርገጫ ያለው ሃርፕ ሲመጣ መገፋቱ አይገርምም። ሌዲ ላኖቨር በአበርጋቬኒ ከተማ አይስተድቮዶች ሃርፑን ራሱን ለሽልማት አቀረቡ። አሸናፊው መሣሪያውን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ፤ ከምስክር ወረቀት የተሻለ ሽልማት ነው።

በ1847 ዌልሽኛ የማይችሉ ሦስት ኮሚሽነሮች የዌልስን ትምህርት ቤቶች መርምረው ቋንቋውን የእድገት እንቅፋት፣ ሴቶቹን ምግባረ ብልሹ አስመስለው ጻፉ። ለዚህ ምላሽ በ1850 «ኧ ጌምራይስ» የተባለው የሴቶች መጽሔት በዌልሽኛ ሲመሠረት ደጋፊው እሳቸው ነበሩ።

በ1867 ያሳተሙት የምግብ መጽሐፍም ያው መንፈስ አለው። የጨው ዳክዬው እንዲህ ይሠራል። ለመካከለኛ ዳክዬ ሩብ ፓውንድ፣ ማለትም 113 ግራም ያህል ጨው ይታሻል፤ በየቀኑ እየታሸና እየተገላበጠ ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ ጨው እስኪለቅ ታጥቦ፣ በድርብ ድስት፣ ማለትም ውሃ በያዘ ትልቅ ድስት ውስጥ በተቀመጠ ትንሽ ድስት፣ ከጥቂት ውሃ ጋር ለሁለት ሰዓት በቀስታ ይበስላል። እጥበቱ ከጎደለ ጨው ይበዛበታል፤ እሳቱ ከተጣደፈ ሥጋው ይደርቃል። ነጭ የሽንኩርት ስጎ አብሮት ይቀርባል።

ድክመታቸው ብዙው ነገር በአንድ ቤት ገንዘብና ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ነው። የአበርጋቬኒው አይስተድቮድ በ1853 አበቃ። የገጣሚውንና የጥንት ጽሑፍ ሰብሳቢውን የዮሎ ሞርጋኑግን የእጅ ጽሑፎች ግን ገዝተው አስቀመጡ፤ ዛሬ በአበሪስትዊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ምሁሩ ግሪፊዝ ጆን ዊሊያምስ ዮሎ የጥንት ናቸው ያላቸውን ግጥሞች ራሱ መጻፉን ያረጋገጠው እነዚሁኑ ወረቀቶች መርምሮ ነው።