ፈሊጥ የሸመደደ ተማሪ ጥያቄውን አነበበ ማለት አይደለም

ሰሞኑን በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉ ተማሪዎቹ ስለ ትምህርትና ስለ ተማሪ ሕይወት የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ቃላትንና ፈሊጣዊ አነጋገሮችን በየሳምንቱ እንዲሸመድዱ፣ ዓርብ ዓርብም በቃላቸው እንዲፈተኑ መወሰኑን ለወላጆች በደብዳቤ አሳውቋል። ውሳኔው ብቻውን ቢሆን ኖሮ በዝምታ ባለፍኩት ነበር፤ ያስቆጣኝ አብሮት የሰፈረው ምክንያት ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ያሽቆለቆለው ተማሪዎቻችን ፈሊጥ ስለማያውቁ ነው፣ ፈሊጥ ያላወቀም እንግሊዝኛ አላወቀም ይላል ደብዳቤው።

ይህን የጻፈው ሰው የፈተናውን ወረቀት ገልጦ አይቶት ይሆን? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ታዲያ የቀሩት ሁሉ የወደቁት «ሂት ዘ ቡክስ» ተግቶ ማጥናት መሆኑን፣ «ቲቸርስ ፔት» ደግሞ የመምህሩ ልዩ ወዳጅ መሆኑን ስላላወቁ ነው? ከሒሳብና ከፊዚክስ ጥያቄዎች መካከል የትኛው ነው በፈሊጥ የተጻፈው?

ተማሪውን የሚጥሉት ቃላት ሌሎች ናቸው፤ ማንም ዓይን የማይሰጣቸው፣ በየትኛውም የፈሊጥ ዝርዝር ውስጥ የማይገቡ ናቸው። «ኤክሴፕት» (በስተቀር) የምትለዋን ቃል ሳያስተውል ያለፈ ተማሪ፣ ትምህርቱን አሳምሮ እያወቀ፣ ትክክለኛ ያልሆነውን ምረጥ ሲባል ትክክለኛውን አክብቦ ይወጣል። «ሪስፔክቲቭሊ» (እንደ ቅደም ተከተላቸው) የሚለውን ያልተረዳ የኬሚስትሪ መልሱን ቅደም ተከተል ያፋልሳል። «ኢንፈር» ሲባል ከምንባቡ ተነሥቶ መደምደሚያ ላይ መድረስ እንደሆነ ያልተነገረው፣ መልሱን ቃል በቃል ከምንባቡ ውስጥ ሲፈልግ ሰዓቱ ያልቃል። «አንለስ» (ካልሆነ በቀር)፣ «ዌርአዝ» (በአንጻሩ ግን)፣ «አት ሞስት» (ቢበዛ) እያልኩ መቀጠል እችላለሁ። እነዚህን ቃላት የሚያስተምር ማን ነው? የእንግሊዝኛው መምህር የባዮሎጂው መምህር ድርሻ ነው ይላል፤ የባዮሎጂው መምህር ደግሞ እኔ የቋንቋ መምህር አይደለሁም ይላል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ካደረገው ወዲህ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የቆየ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ በአንድ ክረምት ሌላ ሰው እንዲሆን ይጠበቅበታል። ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ መምህሩ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ያስረዳል፣ በእንግሊዝኛ ኖት ያስጽፋል፣ ተማሪው ኖቱን ይሸመድዳል፣ ፈተናው ያንኑ ሐሳብ በሌላ ዓረፍተ ነገር ሲያመጣበት ግን ፈጽሞ ያላየው ነገር ይመስለዋል። ሽምደዳ ያመጣውን ጣጣ በሌላ ሽምደዳ እንፈታለን ማለት፣ ለእኔ፣ በተማሪው ላይ መቀለድ ነው።

የተማሪ ሕይወት እንግሊዝኛ ይማሩ ከተባለም፣ የሚያስፈልጋቸው እንግሊዝኛ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ይጠብቃቸዋል። ሬጅስትራር ፊት የቆመ ፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት ተማሪ) «አድ ኤንድ ድሮፕ» (ኮርስ የመጨመሪያና የመተዊያ ጊዜ) መቼ እንደሚያበቃ፣ «ዊዝድሮው» (በራስ ፈቃድ ትምህርት ማቋረጥ) መሙላት ከ«ዲስሚሳል» (መባረር) በምን እንደሚለይ፣ «ፕሮቤሽን» (በውጤት ማነስ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ) ምን እንደሚያስከትል፣ የሚፈርምበት የኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ውል ምን ዕዳ እንደሚያሸክመው ካላወቀ፣ «ፓስ ዊዝ ፍላይንግ ከለርስ» (በከፍተኛ ውጤት ማለፍ) ማለቱ ምን ይጠቅመዋል? ለሰቃዩ፣ ለፎርፌው፣ ለኩረጃውና ለአጤሬራው እንደሆነ ተማሪው የራሱ ቃል አለው፤ ማንም በዝርዝር አልሰጠውም፣ ዓርብ ዓርብም አልፈተነውም፣ ስለሚኖርበት ብቻ አወቀው። (የደብዳቤው ጸሐፊ ይህን ቢያስተውል ኖሮ ቋንቋ እንዴት እንደሚለመድ በነጻ በተማረ ነበር።)

ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱት ይጠቅማል የሚሉ አሉ። አይኤልትስ በተባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና፣ በንግግር ክፍሉ ላይ፣ ፈሊጣዊ አነጋገር በቦታው መጠቀም ለከፍተኛ ነጥብ ከሚታዩት መመዘኛዎች አንዱ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በቦታው የሚለው ነው ዋናው፤ ቦታውን የሚያሳውቀው ደግሞ ብዙ ማንበብና ብዙ መናገር እንጂ ሁለት ዓምድ ያለው ወረቀት አይደለም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይደናቀፍ መናገር ያቃተው ልጅ በመካከል «በርኒንግ ዘ ሚድናይት ኦይል» (እስከ እኩለ ሌሊት ማጥናት) ብሎ ቢሰካ፣ ፈታኙ የሚሰማው የተሸመደደ ነገር ነው።

እውነቱን ለመናገር ዝርዝሩ የተመረጠው ልጆቹን ስለሚጠቅም አይመስለኝም። ለማዘጋጀት ይቀላል፣ ለማረም ከዚያም ይቀላል፣ ወር በገባ ቁጥር ለሚከፍለው ወላጅም ልጁ እራት ላይ ፈሊጥ ሲደረድር መስማት ገንዘቡ የት እንደገባ ያየ ያስመስለዋል። ትምህርት ቤቱ ከልቡ ከሆነ፣ ያንኑ የዓርብ ክፍለ ጊዜ ለባዮሎጂና ለታሪክ መምህራን ይስጥ፤ ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችን ከነትእዛዛቸው ጮክ ብለው ያስነብቡ፣ ተማሪው ጥያቄው ምን እንደሚፈልግ በራሱ እንግሊዝኛ፣ እየተሰባበረም ቢሆን፣ ያስረዳ። ለማረም ይከብዳል፤ መምህሩም ሳይዘጋጅ ሊገባበት አይችልም።