አንድ ተከራይ፣ ሁሉም አረንጓዴ

የባሕር ዳር ፕሮግራመሮችን አደንቃለሁ። በተለይ የሰፈራችንን ልጅ። ለቁጠባና ብድር ማኅበራት ሲስተም ሠራ። ሲስተሙ አንድ፣ ዳታቤዙ አንድ፤ መራዊ፣ ዳንግላ፣ ፍኖተ ሰላም ግን በየራሳቸው ስም ይገባሉ። አንድ ግቢ፣ ብዙ ተከራይ። ቧንቧው የጋራ፣ ቁልፉ የየራስ።

ቴስት፣ ማለትም ሲስተሙን የሚፈትሽ ኮድ፣ አልጻፈም የሚል ምቀኛ ነው። 214 ጽፏል! ያለፈው አረንጓዴ፣ የወደቀው ቀይ ይበራል። ላፕቶፑን አዙሮ አሳየኝ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች የሐምሌ ደጋ ዳሞት ይመስላል። ብድር ይመዘገባል፣ አረንጓዴ። ወለድ ይሰላል፣ አረንጓዴ። ቴስቱ ውስጥ ያለው ማኅበር ስንት ነው? አንድ። ስሙም «ማኅበር 1»። ብልህነቱ እዚህ ላይ ነው። ብቻውን የሚኖር ተከራይ ከማን ጋር ይጣላል?

ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል። የኛ ልጅ ዓባይን በየቀኑ በድልድይ እየተሻገረ ምንጭ ያመሰግናል። ትሕትና ነው።

አንድ ቀን የዳንግላዋ ሒሳብ ሠራተኛ ብድር 41ን ልትከፍት እጇ ሳተና የገጹ አድራሻ ላይ 42 ብላ ጻፈች። የመራዊ አንድ አባት ከነዕዳቸው፣ ከነዋሳቸው፣ ከነስልካቸው ወለል ብለው ወጡ። «ውይ! እኒህማ የእናቴ አጎት ናቸው!» ዘመድ የሚያገናኝ ሲስተም ከየት ይገኛል?

ሌሊት የሚሠራው መልእክት ላኪም አያንስም። ማንም ሳይገባ ስለሚሠራ የማን ተላላኪ እንደሆነ የሚነግረው የለም። የፍኖተ ሰላምን ማስጠንቀቂያ ለሦስቱም ከተማ በተነው። ዕዳቸውን የጨረሱ ሳይቀሩ በጠዋት ተሰለፉ።

ጨለምተኞች አይጠፉም። «ሁለት ማኅበር ፍጠር፤ በዳንግላ ስም ገብተህ የመራዊን ብድር ጠይቅ፤ 404፣ ማለትም «የለም»፣ ካልመለሰ ቀይ ይብራ» ይላሉ። ዳታቤዙ ፖስትግሬስም ከቅጂ 9.5 ጀምሮ፣ ከፈረንጆቹ 2016 ወዲህ፣ እያንዳንዱን ረድፍ በባለቤቱ ለይቶ መጠበቅ ይችላል። ልጃችን ይህንንም አብርቶታል። አፕሊኬሽኑ ግን የሚገባው በሠንጠረዡ ባለቤት ስም ነው፤ ባለቤትን ደግሞ ዘበኛው፣ ካላዘዙት በቀር፣ አይፈትሽም።

እኔም ምከረው ተብዬ ሄድኩ። «እስቲ ሁለተኛ ማኅበር ጨምርበት» አልኩት። «እሺ ጋሼ» ብሎ «ማኅበር 2»ን ጨመረ። አስሮጠው። 31 ቀይ።

አገጩን ይዞ ትንሽ አሰበ። ከዚያ «ማኅበር 2»ን አጠፋውና እንደገና አስሮጠው።

«አየህ ጋሼ፣ አረንጓዴ ነው እኮ!»