160 በ110፦ ሰዓቱ ከመቼ ይቆጠራል?

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውም ደብረ ታቦር ያለችውም ነፍሰ ጡር የላይኛው የደም ግፊቷ 160 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ የሚያሰጋት ያው ነው፦ አንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ፣ መንቀጥቀጥ፣ የእንግዴ ልጅ ያለጊዜው መላቀቅ። መድኃኒቱም ያን ያህል አይለያይም። ግፊት ከሚያወርዱት ኒፈዲፒን ርካሽ ክኒን ነው፣ ሃይድራላዚን የቆየ መርፌ ነው፤ መንቀጥቀጥ የሚከላከለውን ማግኒዚየም ሰልፌትን አገር ቤት ያለ አዋላጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለቱን አገር ሳስተያይ ትልቁ ልዩነት የሰዓት አያያዙ ላይ ነው።

አሜሪካም ቢሆን ይህን የተማረችው በቅርቡ ነው። በ23 ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2017 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ መጀመሪያ ላይ በሰዓቱ የሚታከሙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ወደ 90 በመቶ ሲደርሱ በመንቀጥቀጥ የሚያዙት እናቶች ከ40 በመቶ በላይ ቀነሱ። አዲስ መድኃኒት አልመጣም። የተለወጠው አሠራሩ ነው፦ ነርሷ ከፍተኛውን ቁጥር ስታይ በ15 ደቂቃ ውስጥ ደግማ ትለካለች፤ ካልወረደ ቢዘገይ በ60 ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያው መድኃኒት ይሰጣል። ትእዛዙ አስቀድሞ የተፈረመ ነው፣ መድኃኒቱም እዚያው ክፍል ሳጥን ውስጥ አለ። ኒፈዲፒን ከሆነ ቶሎ የሚሠራው 10 ሚሊ ግራም ይዋጣል፤ በ20 ደቂቃው ግፊቱ አልወረደም? 20 ሚሊ ግራም፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ አሁንም ካልወረደ ሌላ 20። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ዓይነት ለዚህ ሥርዓት አይሆንም። ግቡ ከ140 እስከ 150 በ90 እስከ 100 ነው፤ ከዚያ በታች በድንገት ካወረዱት ለፅንሱ የሚደርሰው ደም ያንሳል።

አገር ቤት ደግሞ እንዲህ ይሆናል። አዋላጇ ትለካና ካርዱ ላይ ትጽፋለች፣ ለኢንተርኑ (ለተለማማጁ ሐኪም) ትነግራለች፣ ኢንተርኑ ሬዚደንቱን (ስፔሻሊቲ የሚማረውን ሐኪም) ይፈልጋል፣ ሬዚደንቱ ኦፕሬሽን ላይ ነው። ትእዛዝ ሲገኝ መድኃኒቱ የለም፣ “ከውጭ ግዙ” ይባልና አስታማሚው ወረቀት ይዞ ፋርማሲ ለፋርማሲ ይዞራል። የእናቶች አገልግሎት በመንግሥት ተቋም ነጻ ነው፤ መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ከሌለ ግን ነጻ መሆኑ እናቲቱን አይጠቅማትም። በዚህ መሃል የሰነፈ ሰው የለም፣ አንድ ሰዓት ተኩል ግን ሄዷል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማስተካክለው አዋላጇ ያለ ጥሪ እንድትጀምር የሚፈቅድላትን ወረቀት ነው።

በሁለቱም አገር የሚታይ አንድ ስህተት አለ፦ ማግኒዚየም ከተሰጠ ግፊቱም ታከመ ብሎ ማሰብ። ማግኒዚየም መንቀጥቀጥን ይከላከላል። በ33 አገሮች 10 ሺህ ያህል ሴቶች የተሳተፉበትና በ2002 የወጣው የማግፓይ ጥናት አደጋውን በግማሽ ያህል እንደሚቀንሰው አሳይቷል። ግፊት ማውረጃ ግን አይደለም። ማግኒዚየም የወሰደች እናት 170 በ115 ላይ ከተተወች አንጎሏ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል።

የሪፈር ወረቀቱ ብቻውን ብዙ ይናገራል። “ሎዲንግ ተሰጥቷል” (የማግኒዚየም የመጀመሪያው ሙሉ መጠን ማለት ነው) ይላል፤ ስንት ሰዓት ላይ፣ ስንት ግራም፣ በየት በኩል የሚል የለበትም። ሙሉው መጠን 14 ግራም ነው፦ 4 ግራም በደም ሥር (ባለ 50 በመቶው 8 ሲሲ ከ12 ሲሲ የተጣራ ውሃ ጋር፣ ቀስ ተብሎ)፣ ቀሪው 5 ግራም 5 ግራም በሁለቱ መቀመጫ። ተቀባዩ ሆስፒታል ሰዓቱን ካላወቀ ወይ ይደግመዋል፣ ወይ የሚቀጥለውን ያሳልፈዋል። የሚደግም ከሆነ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 አለማነሱ፣ የጉልበት ሪፍሌክስ (ጉልበት ሲመታ እግር መወርወሩ) መኖሩ፣ ሽንት በ4 ሰዓት ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር መድረሱ ይታያል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት፣ 10 ሲሲ ባለ 10 በመቶው፣ አልጋው አጠገብ መሆን አለበት።

ከውጭ ሆነን ለሆስፒታል የምንረዳ ሰዎች ብዙ ጊዜ የምናስበው አልትራሳውንድ ነው። ትልቅና ትንሽ ካፍ (ግፊት ሲለካ ክንድ ላይ የሚጠቀለለው፤ ጠባቡ ካፍ በወፍራም ክንድ ላይ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል)፣ የሪፍሌክስ መዶሻ፣ የሽንት ከረጢትና ባለ መቆለፊያ የመድኃኒት ሳጥን ግን በትንሽ ገንዘብ ይገዛሉ። ሳጥኑን በየፈረቃው የሚቆጥር ሰው ካልተመደበ በወሩ ባዶ ይሆናል።

ሌላው ክፍተት ከወሊድ በኋላ ነው። ግፊቱ ብዙውን ጊዜ የሚያሻቅበው ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ነው። እዚህ አሜሪካ ግፊቷ እስከዚያ አደገኛ ቁጥር ደርሶ የነበረ እናት በ72 ሰዓት ውስጥ እንድትለካ ይመከራል። አገር ቤት በዚያ ቀን አራሷ ቤቷ ናት፣ ገንፎ እየበላች፣ በር ተዘግቶ፤ ከባድ ራስ ምታቱም “ምች ነው” ይባላል። አሜሪካ ያለችውም እናታችን ብዙም አትሻልም፣ አጠገቧ ያሉት እናትና እህት ያንኑ ቃል ይዘው መጥተዋልና። ከወለደች እስከ 6 ሳምንት ድረስ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከጎድን ሥር በቀኝ በኩል ሕመም ከተሰማት ግፊቷ ያኔውኑ ይለካ፤ የላይኛው 160 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ ወደ ድንገተኛ ክፍል ትሂድ፣ ስትገባም “በቅርብ ወልዳለች” የሚለው ቃል መጀመሪያ ይነገር።