ቅሬታችን አድራሻ ይኑረው

የአዲስ አበባ ሰው ብሶቱን የሚተነፍስበት ቦታ አጥቶ አያውቅም። ከፒያሳ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ፣ አራት ኪሎ ጀበና ቡና ላይ፣ ፀጉር ቤት፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ወሬው ተመሳሳይ ነው። ዘይት ጨመረ፤ ወረዳ ሄጄ "ሲስተም የለም" ተባልኩ፤ አከራዬ ቤቱን ልቀቅ አለኝ፤ ቴሌቪዥኑን ብከፍተው የሚታይ የለውም። ሰው ይናገራል። ችግሩ የተናገረው ነገር ከሚመለከተው ሰው ጆሮ የሚደርስበት መንገድ መዘጋቱ ነው። ይህን መንገድ መክፈት ከማንም በፊት የመገናኛ ብዙኃን ሥራ ነበር፤ ይህን ሥራቸውን ትተውታል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ሁላችንም አስተውለናል። ታክሲ ውስጥ ጨዋታው ሞቅ ብሎ ሳለ አንዱ ተሳፋሪ ስልኩን ከፍ አድርጎ ሲይዝ ድምፅ ይቀንሳል፤ "ኧረ ይቅርብን፣ ሌላ እናውራ" የሚልም አይጠፋም። ዝም ያለው ሰው ግን ብሶቱን አልተወውም። ማታ ቤቱ ገብቶ በማይታወቅ ስም ፌስቡክ ላይ ይጽፈዋል። እዚያ ደግሞ "የት? መቼ? ማን?" ብሎ የሚጠይቀው አርታኢ የለም። ስለ ውኃ መጥፋት የተጀመረው ነገር አሥረኛው አስተያየት ላይ ሳይደርስ ስለ ብሔር ይሆናል፤ ውኃው ተረስቶ ሰው ከሰው ይሰዳደባል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንዲህ ያለው ንግግር መስመር ሲያልፍ ይቀጣል። ቅጣቱ ግን የሚመጣው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ያ ሰው ጠዋት በስሙ ስለ ውኃው የሚጠይቅበት ቦታ ቢኖረው ኖሮ ማታ እዚያ ላይደርስ ይችል ነበር።

ባለፈው ክረምት አራት ኪሎ፣ ከሐውልቱ ወረድ ብሎ፣ የአንድ ጣቢያ ካሜራ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ስለ ኮሪደር ልማቱ ይጠይቅ ነበር። ነጠላቸውን የተከናነቡ አንዲት እናት ቆም አሉ። "መብራቱ ያምራል፤ መንገዱም ጸድቷል፤ እግዜር ይስጣቸው" አሉ። ቀጠሉና "ግን ልጄ፣ የታክሲ መያዣውን አራቁብን። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ ዳገቱን መውጣት አቃተኝ። ለማን ነው የምነግረው?" ብለው ዘጋቢውን አዩት። ልጁ "እሺ እማማ፣ እናመሰግናለን" ብሎ ማይኩን መለሰ። ማታ ዜናውን ጠብቄ አየሁት። የተላለፈው "እግዜር ይስጣቸው" እስከሚለው ድረስ ነበር።

እኚህ እናት የተናገሩት ሚዛናዊ ንግግር ነበር። ያማረውን አምሯል አሉ፣ የጎደለውን ጎድሏል አሉ፣ የሚመለከተው ማን እንደሆነም ጠየቁ። አንድ ዘጋቢ ሙሉ ቀን ተንከራትቶ የሚሰበስበውን በአንድ ትንፋሽ ሰጡት። ጣቢያው ይህን ሁሉ ቆርጦ ምስጋናውን ብቻ አስቀረ። እንዲህ ያለው ነገር የአንድ ጣቢያ ጉድለት ብቻ ቢሆን አልጽፍም ነበር። የምሽቱን ዜና በየጣቢያው እየቀያየራችሁ ተመልከቱ፦ ሪባን ይቆረጣል፣ ባለሥልጣኑ ይናገራሉ፣ አዳራሽ ይታያል፣ በመጨረሻ አንድ ነዋሪ ቀርቦ ለጥቂት ሰከንድ ያመሰግናል። ነዋሪው የሚፈለገው ለምስክርነት ነው እንጂ ለጥያቄ አይደለም።

ስለ ኮሪደር ልማቱ ካነሣሁ አይቀር ሐሳቤን ግልጽ ላድርግ። ልማቱ በ2016 አጋማሽ ሲጀመር ፒያሳ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ፤ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ የካዛንቺስ ተራ ደረሰ። የፈረሱትን የቀበሌ ቤቶች ኑሮ የኖረበት ያውቀዋል፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ መጸዳጃው የጋራ ነው፣ እሳት ቢነሣ መኪና አይገባም። ሰው ከዚያ ወጥቶ የተሻለ ቤት ቢገባ የሚጠላ የለም። ሰፊው የእግረኛ መንገድ ለሚሄድበት ሁሉ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ዜጎች አካባቢያቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል፤ አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ ማካካሻ ማግኘት እንዳለባቸው ይደነግጋል። እነዚህን ሁለት አንቀጾች ይዞ ከቤት ወደ ቤት የሄደ የዜና ቡድን እኔ አላየሁም።

የማውቀው አንድ የሠፈር እድር አለ። ዳኛው፣ ገንዘብ ያዡ፣ ጡሩምባ ነፊው ሁሉም ጎረቤታሞች ነበሩ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቆቹ ብረት ድስቶች አንድ ዕቃ ቤት ውስጥ ይቀመጡ ነበር፤ ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተከላል። ሠፈሩ ሲነሣ አንዱ ገላን ጉራ ቤት ደረሰው፣ አንዱ ልጁ ጋ ገባ፣ ተከራይ የነበረው ደግሞ ኪራይ ወዳገኘበት ሄደ። ዕቃው አሁን የአንድ አባል ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። ዳኛው መርዶ በስልክ ነው የሚናገሩት፤ የሚሰማውም ግማሹ ቀብር ካለቀ በኋላ ይደርሳል። ወርሃዊ መዋጮውን አሁንም የሚከፍሉ አሉ፤ ሌሎቹ "ድንኳን ተሸክሞ ማን ይመጣልኛል?" ብለው ትተውታል። ለቤት ካሳ ይተመናል። እድር ግን ተመን የለውም፣ የሚጠየቅበት ቢሮም የለም። ቢያንስ የእድር ዕቃ ማስቀመጫና መሰብሰቢያ ቦታ በአዲሱ ሠፈር ይሰጥ ብሎ መጠየቅ ከባድ አይደለም፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ጥያቄው ያልቀረበው የሚያቀርበው ጋዜጠኛ ስለጠፋ ነው።

ስሞታ መስማት በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ነገሥታቱ "እረኛ ምን አለ?" ብለው ይጠይቁ ነበር፤ አዝማሪ በሹም ፊት ቆሞ ሌላ ሰው የማይደፍረውን ይናገር ነበር፤ በጃንሆይ ዘመን ሰው ማመልከቻውን ይዞ መንገድ ዳር የንጉሡን መኪና ይጠብቅ ነበር። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ሲወጣ ደግሞ ጋዜጣና መጽሔት ከተማውን ሞላው። አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ መግዛት የማይችል ሰው ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያነብ ነበር። ብዙዎቹ ጋዜጦች ከ1997 ምርጫ በኋላ ተዘጉ፤ የቀሩትን የወረቀትና የኅትመት ዋጋ አደከማቸው። በ2011 ተስፋ ታየ። የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ እዚሁ አዲስ አበባ ተከበረ፤ ኢትዮጵያም በፕሬስ ነፃነት ሰንጠረዥ 40 ደረጃ ወደ ላይ ወጥታ 110ኛ ሆነች። ያ ጊዜ አልቆየም። በሚያዝያ 2017 ፓርላማው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ን ሲያሻሽል በመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ቦርድ እጅ የነበረ ሥልጣን ወደ ራሱ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ተላለፈ። ቦርድ የተፈለገው አስፈጻሚው አካል ጣቢያዎችን እንደፈለገ እንዳያደርግ ነበር። ጋዜጠኛው ይህን ያውቃል፤ ያቺ እናት ስለ ታክሲ መያዣ የተናገሩት እንኳ ለምን እንደተቆረጠ ከዚህ ለይቼ አላየውም።

ይሁን እንጂ ሁሉንም በመንግሥት ማሳበብ ልክ አይመስለኝም። የዜና ክፍሎች የራሳቸው ጥፋት አለባቸው። ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ዘጋቢ በጋበዘው መሥሪያ ቤት አበል ይኖራል፤ በአበሉ የሚኖርበትን ቤት ደግሞ አጥብቆ አይጠይቅም። ጣቢያው በማስታወቂያ ይኖራል፤ ስለ ባንኩ አገልግሎት የመጣለትን ስሞታ ባንኩ ስፖንሰር በሆነበት ሰዓት አያነሣም። ሰዓቱንስ ምን ይሙላው? ብዙዎቹ ኤፍ ኤሞች በእንግሊዝ ኳስ ይሞሉታል። ኳስ መውደድ ነውር አይደለም፤ ግን የማንቸስተርን ተቀያሪ ተጫዋች ጉዳት በዝርዝር የሚነግረን ጣቢያ ቀበና ላይ ውኃ ለምን እንደጠፋ አንድ ስልክ ደውሎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። የግለሰብ ችግር በሰፊው የሚታይበት አንድ ቦታ ቀርቷል፤ እሱም የልቅሶ ቪዲዮ ነው። እናት የታመመ ልጇን አቅፋ ካሜራ ፊት ታለቅሳለች፤ ከሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይጻፋል፤ ሙዚቃው ያሳዝናል። ሕዝባችን ቸር ነው፣ ይሰጣል፤ ብዙ ሰውም በዚህ ተርፏል፣ ይህን አልክድም። ግን የሴትዮዋ እንባ ሲቀረጽ መድኃኒቱ ለምን ከሆስፒታሉ እንደጠፋ፣ ሪፈራሉ ለምን ወራት እንደፈጀ የሚጠይቅ አንድ ሰው የለም። መብት የነበረው ነገር ምጽዋት ይሆናል። ከእሷ በኋላ የምትመጣው እናት ያው ወረፋ ይጠብቃታል፤ እሷም እስክታለቅስ ድረስ አትታይም። ክብሯን ካሜራ ፊት ሳታወልቅ የምትደመጥበት ቦታ ይገባት ነበር።

በኪነ ጥበቡም ያው ነው፤ አጠር ላድርገው። በ1927 የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት ባለባት ከተማ ውስጥ አንድ ቴአትር ተመርቆ በማግስቱ "ይህ አልተሳካም፣ በዚህ በዚህ ምክንያት" የሚል ጽሑፍ ማግኘት ብርቅ ሆኗል። ምርቃቱ ይዘገባል፣ እንግዶቹ ይመሰገናሉ፣ ያልቃል። ተመልካቹ ብሩን ከፍሎ አኩርፎ ይወጣል፤ አዘጋጁም የት እንደሳተ የሚነግረው ስላላገኘ የሚቀጥለውን ሥራ እንደዚያው ይሠራል።

"አገር በዚህ ሁሉ ችግር ውስጥ እያለች ቅሬታ ማናፈስ ለጠላት መንገድ መክፈት ነው" የሚሉ አሉ። አንዳንዶቹ ይህን ከልባቸው፣ ለአገር አስበው እንደሚሉት አውቃለሁ። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ይህ በእያንዳንዱ ቤት ጓዳ ውስጥ ተሰምቷል። ዜናው እሑድ ገበያ ሄዶ የሽንኩርት ዋጋ ሲያሳየን ደመወዝተኛው ቤቱ ያለውን ያውቃል። ያላየ መስሎ ማለፍ ሰውን አያረጋጋውም፤ ከዜናው ያርቀዋል። ሕዝቡ እውነቱን ፍለጋ ማንም ወደማያውቀው ሰው ቻናል የሚሄደውም ለዚህ ነው።

መሣሪያው አለ። የብዙኃን መገናኛና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ተቋቁሟል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። በየወረዳው በር ላይ የአገልግሎት ጊዜ የሚገልጽ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከጎኑ የሐሳብ መስጫ ሳጥን አለ። አንድ ወረዳ ውስጥ ወረፋ ስጠብቅ ሳጥኑን ቀረብ ብዬ አየሁት፤ ቁልፉ ዝጓል፣ ማስገቢያው በማስታወቂያ ወረቀት ተሸፍኗል። ከጎኔ የነበሩ አባት "እሱን ተወው ልጄ፣ የሚከፍተው የለም" አሉኝ። ሕጉ ለብቻው ያን ሳጥን አይከፍተውም። የሚከፍተው በየሳምንቱ ሄዶ "ስንት ወረቀት ገባ? ምን መልስ ሰጣችሁ?" የሚል ዘጋቢ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በከተማው ያለ እያንዳንዱ ጋዜጣ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በሳምንት አንድ ቋሚ ዓምድ ወይም ሰዓት ለነዋሪ ቅሬታ ይስጥ። ቅሬታ አቅራቢውም ያግዝ፤ "ይህ አገር አይረባም" ከማለት ይልቅ የየትኛው ወረዳ የትኛው ቢሮ፣ በምን ቀን፣ በምን ማመልከቻ ቁጥር እንደሆነ ይናገር። ስሙ እንዳይወጣ የሚፈልግ ካለ አርታኢው ስሙን አውቆ ይደብቅለት። ዓምዱ የሚመለከተውን ቢሮ ስም ይጻፍ፣ ጥያቄው በጽሑፍ የተላከበትን ቀን ይጻፍ፣ መልሱ ሲመጣ ሳይቆረጥ ያውጣ፤ ቢሮው ችግሩን ካስተካከለም ያንኑ ያህል ቦታ ሰጥቶ ያመስግነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የአራት ኪሎዋ እናት የታክሲ መያዣ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው የእድሩ ድንኳን። መልስ ካልመጣ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ጥያቄ፣ ከተላከ ስንት ቀን እንደሆነው ጨምሮ፣ እንደገና ማውጣት ነው።